ገብቶ የማይወጣ

ስም ገና የላትም፤
አንገቷ ላይ ካለ ክታብ፣ እጇ ላይ ካለ ፕላስተር፣
«የኢፍራህ ሴት ልጅ፣ አራተኛ ቀኗ» ከሚል ወረቀት በቀር።

ቀትር ነው። ደቻቱ ውኃውን ረስቶ አሸዋ ተኝቷል፤
ከግንቡ ማዶ ባጃጁ ሁሉ ጥላ ሥር ተኮልኩሏል፤
እኔ ጨለማው ክፍሌ ውስጥ ነኝ፣
ሠላሳ ዓመት የሰው ደረት በብርሃን ሳነብ ያረጀሁኝ።

ሲያመጧት ትንፋሿን ቆጠርሁ፤ በደቂቃ ሰማንያ ሁለት፤
ጎድኗ መሐል ይሰረጉዳል፤ ከንፈሯ ላይ ሰማያዊ ጥለት።
ኢፍራህ በር ላይ ቆማ፣ የወለደ ወገቧን በጋርባሳር አስራ፣
«ጡት ይዛ ትለቃለች፣ ይዛ ትለቃለች»፤ ሌላ ቃል የለም ከእርሷ ጋራ።

ፊልሙ ወጣ፣ እርጥቡን።
ግራ ደረቷ ጥቁር፤ ልቧ ተገፍቶ ወደ ቀኝ ሸሽቷል።
ዶክተር ምሕረትአብ፣ ሌሊቱን ከእንቅልፍ ሲፋለም ያደረ፣ አይቶታል፤
«አየር ከሳንባ አምልጦ ነው! መርፌ!» አለ፤
ጓንቱን እየሳበ ዘለለ።

ልክ ይመስላል። እኔም ባየሁት በመጀመሪያ
እንደዚያ ባልሁ ነበር፤ መጽሐፉም ይላል እንደዚያ።
ግን ጥቁሩ ውስጥ፣ ዓይን ካልጠበበ የማይታይ ክር፣
ሸረሪት ጀምራ የተወችው የሚመስል፣ የሳሳ የደም ሥር፣
እስከ ጠርዙ ሄዷል።
ያመለጠ አየር ሥር የለውም፤ ይህ ሳንባው ራሱ ነው፣ አብጧል።

«ቆይ ዶክተር» አልሁ።
በሠላሳ ዓመቴ ሐኪም «ቆይ» ብዬ አላውቅም፤
የእኔ ሥራ ማንሣት ነው፤ ምን ይሆን ተብዬ አልጠየቅም።
ጣቴ እየተንቀጠቀጠ በክሩ ላይ ሄደ፤
ተጠጋ፤ ዝም አለ፤ ጓንቱን አውልቆ ቀደደ።

አባቴ ለገሃር የፉርጎ ፍሬን ጠጋኝ ነበረ፤
በዘይት የጠቆረ ጆሮውን ቱቦው ላይ ጥሎ እየመረመረ፣
«አየር አጥቶ አይደለም» ይለኝ ነበር፣ «የቆመው ጠግቦ ነው፤
ገብቶ መውጫ አጣ፤ መንኮራኩሩን የነከሰው የገዛ ትንፋሹ ነው።»

እርሷም እንዲያ። የላይኛው ሳንባ ቧንቧ ሳይጠነክር ተፈጥሮ፣
ስትስብ ይገባል፤ ስታወጣ በሩ ይከደናል፤ ይከማቻል ታጉሮ።
ነርስ ሁቦ በሶማሊኛ ነገረቻት፤ ኢፍራህ ግራ ገባት፤
«አየርም ይበዛል እንዴ? እዚህ? በግንቦት?»
የመስኮቱን መጋረጃ አየች። ቀጥ ብሏል።

ማታውን ወደ ሐረር። የደንገጎን ዳገት ስንጀምር፣
ምሕረትአብ «ከፍ ባልን ቁጥር የታጎረውም ያብጣል» አለኝ እንደ ምሥጢር።
ሹፌሩ አብዱሰመድ፣ ሌላ ቀን ኩርባ የማይፈራ፣
ያን ሌሊት እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ተሳበ በዚያ ተራራ፤
የጫት አይሱዙ ከአወዳይ በርሮ ሲመጣ ጥግ ይዞ እየቆመ፣
ከንፈሩ ውስጥ አንዳች እየደገመ።
እኔ ለምን እንደ ሄድሁ አላውቅም። ፊልሙን ታቅፌ ነበር፣
እሷን ኢፍራህ ታቅፋ፤ ሁለት ታቃፊ በአንድ ወንበር።

ቀዳጇ ዶክተር ሲፈን ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ፣
«አያችሁት። ጎበዝ።» ሁለት ቃል፤ ከዚያ ዞረች ወደ ሌላ፤
ለማደንዘዣው ሰው፦ «ደረቷ እስኪከፈት ፊኛውን እንዳትጨምቅ፤
ራሷ ትሳብ፤ አንተ የጨመርህላት ሁሉ ነው የሚያንቅ።»
ውስጥ አልገባሁም። የነገሩኝ ነው፦ ጎድኗን መሐል ሲከፍቱት፣
እንደ ማስቲካ ፊኛ ብቅ አለ፣ ሮዝ፣ ሳይጠሩት።
ቆረጡት። ልቧ ዓይናቸው እያየ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤
ተጨፍልቆ የኖረው የታችኛው ሳንባ ቀስ ብሎ ነፈሰ።

አሁን ስም አላት። በወሯ አነሣኋት፤ ወረቀቱ ላይ ጻፍሁ፦ ሰልማ፤
አለቀሰችብኝ በሙሉ ድምፅ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ።

ሰዎች «ጀግና» ይሉኛል።
እኔን የብረት ካዝናው ይጠብቀኛል፦
የድሮ ፊልሞች፣ «የእገሊት ልጅ፣ ሦስተኛ ቀኑ»፣ መርፌ የገባባቸው፣
በጊዜያቸው ማንም «ቆይ» ያላለላቸው።
ማታ ማታ አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያነሣሁ፣
በጥቁሩ ውስጥ ክር እፈልጋለሁ፣
ባላገኝ እያልሁ።